የግራውን ጎማ ፈታነው

ለጥሩነሽ፣ በክርስትና ስምሽ ለወለተ ጊዮርጊስ፦

ጥሩዬ፣ ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። ይህን የምጽፍልሽ ከማንጎው ጥላ ሥር፣ መፍቻዎችሽን እንደ ቁመታቸው ትደረድሪበት ከነበረው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነው። ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋል። የሸኘንሽ ባሮ ከሞላበት ሜዳ ተመልሶ ደለሉ በደረቀበት ሰሞን ነበር። ዘንድሮም ወንዙ እንደ ልማዱ ወጥቶ፣ ዳርቻውን በጥቁር ደለል ቀብቶ፣ ወደ መኝታው ተመልሷል። መሬቱ እርጥብ ነው። አንቺ ብትኖሪ ኖሮ በዚህ ሰሞን ከቤት አትገኚም ነበር።

የቤታችንን ነገር ላስቀድም። ልጃችን ዮሐንስ ደኅና ነው፤ አዲስ አበባ ሥራው ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳያጓድል ይደውላል። የጓሮውን አጥር ጎርፉ ገፍቶት ነበር፤ አቃንቼዋለሁ። ድመትሽ ሌላ ቤት ለምዳለች፤ አልቀየምኳትም፤ ዓሣ ከሚገዛ ቤት መግባቷ ነው። ሎሚሽ እንደ ዘንድሮ አፍርቶ አያውቅም። እሑድ ለቅዳሴ ስትሰናጂ የናፍታውን ሽታ ለማስለቀቅ እጅሽን የምታሺበት ያ ሎሚ፣ የሚቀጥፈው አጥቶ ከሥሩ ሲረግፍ ከረመ። አሁን ግን ቀጣፊ አግኝቷል። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ዋናው ነገር ትራክተርሽ ናት።

ከጋብቻችን በዕድሜ የምትበልጠው፣ ከተዘጋው የእርሻ ፕሮጀክት ግቢ ሣር በቅሎባት ያገኘሻት፣ «ይህችን ማን ይወስዳታል» ብለው የሰጡሽ ትንሿ የአትክልት ትራክተር። በሙያ ትምህርት ቤት የእርሻ መሣሪያ የምታስተምሪ ሴት ነበርሽና፣ ሌሎች ቁራጭ ብረት ባዩበት ቦታ አንቺ ሞተር አየሽ። አስነሣሻት። ጡረታ ስትወጪም ትምህርት ቤትሽን ወደ ባሮ ዳር አዛወርሽው፤ አሪየትንና ጓደኞቿን ሰበሰብሽ፤ ጎርፉ የሚሸሸውን መሬት እየተከተላችሁ በቆሎና ባሚያ ታበቅሉ ጀመር። ከሴቶቹ የመሪነቱን ወንበር መጀመሪያ የተረከበችው አሪየት እንደ ነበረች ታስታውሻለሽ። እንደ ባቡር እየጮኸች ስትነዳ የሚያያት የአኙዋ ሽማግሌ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። አሁን የሚስቅ የለም፤ ከዚያ መሬት የሚበሉት ቤቶች በዝተዋል።

ችግሩ የተነሣው በዘንድሮው ክረምት መውጫ ነው። አሪየት ወደ ቤት መጥታ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ አልቀመጥ አለች። «አባ፣ ትራክተሯ ታማለች። የግራ እግሯ ያለቅሳል» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ከኋላው የግራ ጎማ መሐል ዘይት እየወረደ ቸርኬውን አርሶታል፤ ከቸርኬው አልፎ ፍሬኑን አጥቦታል። በዚያው ሳምንት ወደ ወንዙ ዝቅ በሚለው ተዳፋት ላይ ፍሬኑን ስትረግጥ አልያዘላትም። ትራክተሯ ተንሸራታ ከውኃው አፋፍ ቁጥቋጦው ገታት። አሪየት ነገሩን እየሳቀች ነገረችኝ። «ወንዙ ሊበላኝ ነበር አባ። ጥሩነሽ ቁጥቋጦውን እንዳንቆርጥ የከለከለችን ለዚህ ነው?» አለች።

ከዚያ በኋላ ወደ ግቢያችን አስጎተትኋትና ማንም እንዲነዳት አልፈቀድሁም። ነገር ግን መሬቱ አይጠብቅም። ደለሉ እርጥብ ሳለ ካልታረሰ ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ከደረቀ በኋላ በእጅ ዶማ የሚነካው አይደለም። ሴቶቹ የቻሉትን ያህል ቢቆፍሩ ከቁራሹ አያልፍም። በዚያ ላይ ከላይኛው ሰፈር አንድ ጡብ የሚያቃጥል ሰው ቦታውን ሲረግጥ፣ በገመድ ሲለካ ታየ። የቀበሌው ሰዎችም ሳይታረስ የከረመ ዳርቻ ለሚሠራበት እንደሚሰጥ ተናግረዋል፤ አልፈርድባቸውም፤ ባዶ መሬት ይጠየቃል። ስለዚህ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነበር፤ ወይ ትራክተሯ ደለሉ ሳይደርቅ በደኅና ፍሬን ትወርዳለች፣ ወይ የእናንተ መሬት የጡብ ጭቃ ይሆናል።

ለዮሐንስ በስልክ ነገርሁት። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይመስላል፤ ነገርን ያሳጥራል። «አባዬ፣ ያቺ ትራክተር ዕድሜዋን ጨርሳለች። ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ስጣትና አንተም ወደኔ ና። ሙቀቱ ይገልሃል» አለኝ። ክፉ አላሰበም። አባቱ በሰባ ዓመት አሮጌ ጉልበቱ ከጎማ ሥር ሲንበረከክ መገመት ከብዶት ነው። እኔም ቁጣ አልተናገርሁትም፤ «ልጄ፣ ሙቀቱን እናትህ ኖራበታለች፤ ብረቷንም አልሰጥም» አልሁት። «እንግዲያስ ዘይት የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉ፣ ስፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለካልኝ» አለ። ጥሩዬ፣ የዚያን ጊዜ የሰማሁት ያንቺን ድምፅ ነው።

እኔ የአቋቋም መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመቋሚያና በጸናጽል መካከል ነው። መፍቻ የምታቀብይኝ እንድይዝልሽ ብቻ ነበር። ሆኖም ወደ ሥራው የገባሁት ሰው አጥቼ አይደለም፤ ሥራው ያንቺ ስለ ነበር ነው። ሰው ለሙታኑ ቁርባን ያደርሳል፣ ይጸልያል፣ ይመጸውታል፤ እኔ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የግራውን ጎማ ልፈታልሽ ቆረጥሁ።

ለዚህም ከገበያው ጀርባ ብየዳ ቤት ያለውን ፕሮቴስታንቱን ወዳጃችንን ኡጁሉን ጠራሁ። ቁመቱ አሁንም በበራችን አይገባም፤ አሁንም ጎንበስ ብሎ ሲገባ ግንባሩን ይመታል፤ አሁንም «ሰው ሁሉ እንዲሰግድ ይህን በር ያንተ ቤተ ክርስቲያን ነው የሠራው» ይለኛል። ጋምቤላ ውስጥ «እርስዎ» ሰምቼ ያረጀሁ ሰው አይደለሁም፤ «አንተ» ሲለኝ ከክብር እንደማይቀንስልኝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ጎማውን ከነቸርኬው ያለ ችግር አወረድነው። ከሥሩ ግን ሞዞው ቀረ፤ ጎማው የሚታሰርበት፣ አክስሉ በመሐሉ የሚያልፍበት ያ ወፍራም የብረት እምብርት። ዘይቱን የሚያግደው ኦይል ሲል የተደበቀው ከእርሱ ጀርባ ነው፤ ሞዞው ካልወጣ ወደ ሲሉ የሚያደርስ መንገድ የለም። ሞዞውም አልወጣም። ጎተትነው፤ አልሰማንም። ኡጁሉ እግሩን አስደግፎ ሳበው፤ ትራክተሯ ሁለንተናዋ ተነቃነቀ፤ ሞዞው ግን ከአክስሉ ጋር አንድ አካል ሆኗል።

ለምን እንደ ተጣበቀ ወዲያው ገባኝ። አንቺ በየዓመቱ ጎርፉ ሳይደርስ ሞዞውን ታወርጂው ነበር። ሳይበላሽ የምትፈቺው ለምን እንደ ሆነ ጠይቄሽ አላውቅም፤ የሴት ጽዳት ይመስለኝ ነበር። አክስሉን በጨርቅ ትወለውይዋለሽ፣ ግራሶ ትቀቢዋለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። በታመምሽበት ዓመት ግን የፈታው የለም። ጎርፉ መጥቶ ከጎማው ግማሽ ድረስ ቆመባት፤ ዝገቱ በባዶው ብረት መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ያዘው።

መደርደሪያሽ ላይ፣ ናፍታና የፍሬን ዘይት ቀላቅለሽ ለዛገ ብረት የምታጠጪው ጠርሙስ እንዳለ አውቅ ነበር። በየጥዋቱ ከኪዳን ስመለስ ጥቂት ጥቂት በሞዞውና በአክስሉ መገናኛ አፈስስ ጀመር። እጄን አላስነካሁትም፤ ሽታው ይዞኝ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት አልፈለግሁም። ማሽተቴም ከዚያ ከጉንፋኑ ወዲህ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ብዙ ጥዋት እንዲሁ በትጋት አጠጣሁት። በመጨረሻ ኡጁሉ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየኝ።

«አንተ መሪጌታ፣ ይሄ ዘይት አይደለም። ውኃ ነው።»

ጠርሙሱን አመጣሁ። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ያንቺም ዘይት በእንዲያ ያለ ጠርሙስ ነበር። ጥሩዬ፣ ከሐኪሙ በኋላ ካስጠመቅሁሽ ጊዜ የተረፈ ጠበል ነበር። አንቺ በሕመምሽ ሳለሽ እኔው ራሴ ከዘይትሽ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ሞዞውን ስንት ጥዋት ጠበል ሳጠምቀው ከርሜያለሁ፤ ዝገቱም እንደ ተባረከ በርትቶ ነበር።

ኡጁሉ ማንጎው ግንድ ላይ ተደግፎ ሳቀ። «ጠበል ሰይጣን ያወጣል ትላላችሁ። ይሄ ጎማ ምን ዓይነት ሰይጣን ነው ያልወጣው?»

«ምናልባት ጎማው የእናንተ ጉባኤ አባል ሳይሆን አይቀርም» አልሁት።

ከዚያ በኋላ በሳቅ ብዛት ለረጅም ሰዓት ሥራ አልሠራንም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ግቢ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። በማግስቱ ነገሩን ለንስሐ አባቴ ነገርሁ፤ በመሬት ላይ የተቀደሰ ነገር አፍስሻለሁና ቀኖና እንዲሰጡኝ። እርሳቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ቆዩና «ድሆችን የምታበላ መሣሪያ ናት፤ ቢነካት ግድ የለም። ቀኖናህ ጎማውን አውጥቶ መሬቱን ማሳረስ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው በአባት የተሰጠ ግዴታ ሆነብኝ።

እውነተኛውን ጠርሙስ አገኘሁት። በዚህ ጊዜ በጣቴ ነክቼ አረጋገጥሁ። ሽታው በጣቴ ላይ ሲቀር አልተጸየፍሁትም፤ የአንቺ ሽታ ነው። የዚያን ቀን ነው ሎሚውን መቅጠፍ የጀመርሁት።

ኡጁሉ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ከወዳጁ የተዋሰውን ሦስት እጅ ያለውን የተጣበቀ ብረት መሳቢያ፣ ፑለሩን፣ እና የጋዝ እሳቱን። እሳቱን ከለከልሁት። ሞዞው የድሮ ብረት ነው፤ ቢሰነጠቅ ምትኩ የትም አይገኝም። ከጀርባውም ኩሽኔታው አለ፤ ግራሶው ይቃጠልበታል። ይህን ያወቅሁት ከአንቺ ነው። ተማሪዎችሽ የጋዝ እሳት ሲያነሡ «ተዉት፣ ዘይቱን ይጠጣ፤ ማን ያባርራችኋል?» ስትያቸው ከመስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር። ኡጁሉ አጉረመረመ፤ እሳት የሚወድ ሰው ነው። ከዚያ መዶሻውን አነሣ። ትልቁን። እጁን ያዝሁት።

«በትንሹ እንጀምር፤ ቆጥበህ ምታ» አልሁት።

«በትንሹ ከሆነ የዛሬ ዓመት ይወጣል።»

«ከበሮ ትመታለህ አይደል?»

«በዝማሬ ቡድን እኔ ነኝ የምመታው፤ ሁሉም ያውቃል» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«እንግዲያውስ ይህን እንደ ከበሮ እንምታው።»

እንደምታውቂው በማኅሌት ከበሮ መጀመሪያ አይገባም። አስቀድሞ ዝማሜው ነው፤ መቋሚያው በዝምታ ይወዛወዛል፤ የሚሰማው ድምፅና እስትንፋስ ብቻ ነው። ቀጥሎ መረግዱ ይመጣል፤ ከበሮው ዝግ ብሎ፣ ተቆጥቦ ይገባል። ጽፋቱ የሚደርሰው ሁሉ አንድ ልብ ከሆነ በኋላ ነው። ሞዞውንም በዚህ ሥርዓት ያዝነው። ፑለሩን አጥብቀን ወጥረን በዝምታ ተውነው፤ ዘይቱን አጠጣነው፤ ጸሎቴን አደረስሁ፤ እርሱም የራሱን ጸሎት በራሱ ቋንቋ አደረሰ። ከዚያ በትንሹ መዶሻ የፑለሩን መሐል ብሎን ዝግ ብሎ ይመታ ጀመር፤ አንድ ምት፣ ዕረፍት፤ አንድ ምት፣ ዕረፍት። እኔ በመቋሚያዬ መሬቱን እየነካሁ ልኩን እይዝለታለሁ።

«የእናንተ ከበሮ እስኪሞቅ እኛ ጉባኤውን ጨርሰን ምሳ በልተናል!» አለኝ ላቡ በአገጩ እየወረደ።

«ቶሎ የሚጨርስ ቶሎ ይርበዋል፤ ምታ» አልሁት።

የዚያን ቀን አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ፑለሩን እንደ ተወጠረ እንተወዋለን፤ ስንመለስ ትንሽ ላልቶ እናገኘዋለን፤ መላላቱ ብረቱ እየሰማን ነው ማለት ነው። ዮሐንስ ደውሎ «እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «ገና ዝማሜ ላይ ነን» አልሁት፤ አልገባውም፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። አሪየት ከደለሉ አንድ እፍኝ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣና በጠረጴዛሽ ላይ ትተዋለች። እፍኙ በየጊዜው እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ መጣ። ከዚያ የሚበልጥ ማሳሰቢያ አላስፈለገኝም።

በመጨረሻ ኡጁሉ ወደ መረግዱ ገባ፤ ቀጠለ፤ አይቼው ምልክት ሰጠሁት፤ ጽፋቱን ለቀቀው። ምቱ ተደራረበ፤ ከማንጎው ላይ ወፎቹ ተነሡ። ድንገት ከሞዞው ውስጥ አጭር ድምፅ ወጣ፤ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚመስል። ኡጁሉ መዶሻውን ጥሎ ወደ ኋላ ሸሸ፤ የሰበረ መስሎት ነው። እኔ ግን ለምን እንደ ሆነ አላውቅም፣ አልተጠራጠርሁም። ሞዞው በክብሩ ቀስ እያለ ከአክስሉ ላይ ወረደ። ኡጁሉ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ተቀበለው፤ እንደ ሕፃን አቅፎት ግቢውን ዞረ። እኔ እልል ማለት የካህን ወግ ባይሆንም አልሁ።

አሮጌውን ሲል አውጥተን ከማንጎው ግንድ በምስማር ሰቀልሁት። አክስሉን አለሰለስን፤ ዝገቱን ጠረግን። የሲሉን የውስጡንና የውጩን ስፋት ለክቼ ለዮሐንስ ነገርሁት። ልጅሽ መርካቶን ዞሮ ሁለት ላከ፤ አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ። በአውቶቡስ ከመጣው ካርቶን ውስጥ ከሁለቱ ሲሎች ጋር ለእኔ ጉልበት የሚታሽ ቅባት ነበረበት። ምንም አልጻፈበትም። አላስፈለገውም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ከላይ ሆነሽ አትሳቂ። ሲሉን እኔው በእጄ አስገባሁት። አንድ ጎኑ ልሙጥ ነው፤ ሌላው ጎኑ ቀጭን ከንፈርና ክብ ምንጭ አለው። የሚጠብቀው በከንፈሩ እንደ ሆነ ገባኝ። የቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂ ፊቱን ወደ ውጭ፣ ወደሚመጣው ሰው እንደሚያዞር አስቤ፣ ከንፈሩን ወደ ውጭ፣ ወደ አቧራውና ወደ ጎርፉ አዞርሁት። ኡጁሉም «ልክ ነው፣ ጠላት ከውጭ ነው የሚመጣው» አለ። ጎማውን አሰርን፤ ዘይት ሞላን፤ አሪየት ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ትራክተሯ ግቢውን ዞረች፤ ገና ዙሩን ሳትጨርስ አሪየት ወደ ኋላ ዘንበል ብላ አየችና ሞተሩን አጠፋች።

«አባ፣ አሁንም ታለቅሳለች» አለችኝ በዝቅታ።

ሰዎቹ ተበተኑ። ጡብ ሠሪው ከበሩ ማዶ ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም፤ ሰላምታ ሰጥቶኝ ሄደ፤ ሰላምታው ከሳቅ ከበደኝ። ማንጎው ሥር ተቀምጬ ቀና ስል ዓይኔ በምስማር የተሰቀለው አሮጌ ሲል ላይ ዐረፈ። አውርጄ በሁለት ጣቴ ያዝሁት። ልሙጡ ጎኑ የወንዝ ደለል ደርቆበታል። ከንፈርና ምንጭ ያለበት ጎኑ ግን በዘይት ጠቁሯል። ስንት ዘመን ዘይቱን ሲመለከት የኖረው በከንፈሩ ነው። ፊቱ ወደ ውስጥ ነበር። ያንን ሲል በቦታው ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ፤ እጅሽ የሠራውን ዝገቱ እንኳ አላጠፋውም።

በዚያች ቅጽበት ያዘንሁ መስሎሻል? አይደለም፤ ተጽናናሁ። ይህ ጠባቂ የሚጠብቀውን ነገር በፊቱ አድርጎ ነው የሚቆመው። ለውጩ ጀርባውን ሰጥቷል። ከአንቺ ሞት ወዲህ እኔ ፊቴን ወደ በሩ አዙሬ ከርሜያለሁ፤ የሚያጽናናኝ ይመጣል እያልሁ። የተተወልኝ ግን በውስጥ ነበር፤ ይህ ግቢ፣ ይህች ትራክተር፣ አሪየት የምታመጣው እፍኝ አፈር።

ተነሣሁ። ኡጁሉን ጠራሁት። «ፍታው» አልሁት።

«እንደገና? ያ ሁሉ ከበሮ?» ብሎ ራሱን ያዘ።

ከበሮ አላስፈለገም። በዚህ ጊዜ አክስሉን ግራሶ ቀብተነው ነበርና ፑለሩ ገና ሲነካው ሞዞው ወደ እጃችን መጣ። ኡጁሉ ተገርሞ «ይሄ ተጠምቆ ወጣ!» አለ። መጀመሪያ ያስገባሁት አዲሱ ሲል ስናወጣው ተበላሽቶ ስለ ነበር ለቀኙ የመጣውን ለግራው አደረግነው። ከንፈሩን በዘይት አርሼ፣ ፊቱን ወደ ዘይቱ አዙሬ፣ በእንጨት ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየነካሁ አስገባሁት። አሪየት ነዳች፤ ዞረች፤ ደጋግማ ዞረች። ደረቅ ነበር። ከዚያ ማንንም ሳታማክር በጓሮው መውጫ ወደ ወንዙ ወረደች፤ እኛም ተከትለን ሮጥን። እኔ መሮጤን ያየ የሰንበት ተማሪ ሁሉ ይመስክር። ቁጥቋጦው አጠገብ፣ ያንኑ ተዳፋት ላይ፣ ፍሬኑን ረገጠች።

«ቆመች! አባ፣ ቆመች!»

ያን ቀን ሲመሽ የዳርቻው ግማሽ ታርሶ ነበር፤ በማግስቱ ተጠናቀቀ። ደለሉ እንደ አዲስ ዳቦ ተገልብጦ ሲታይ ደስ ይላል። ጡብ ሠሪው ገመዱን ወስዶ ሄዷል፤ ከላይኛው ሰፈር ደረቅ መሬት እንዳገኘ ሰምቻለሁ፤ መልካም ይሁንለት። በቆሎው ዛሬ ጣት ያህላል።

ጥሩዬ፣ ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ቅዳሴሽ ይቀደሳል፣ ፍትሐትሽ ይፈታል፣ ድሆች ይበላሉ። ይህ እንደማይጓደል ታውቂያለሽ። በላዩ ላይ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ክረምት ገብቶ ባሮ ከመሙላቱ በፊት፣ ሞዞዎቹን ሁለቱንም እፈታለሁ፤ ምንም ባይሆኑ እንኳ እፈታለሁ። አክስሉን እወለውላለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ፣ እመልሳለሁ። እኔ ካልቻልሁ ኡጁሉ፣ ኡጁሉ ካልቻለ አሪየት፤ ሁለቱም ቃል ገብተውልኛል፤ ዮሐንስም ዘንድሮ ለሙት ዓመትሽ ሲመጣ አሳየዋለሁ። ሳይፈታ የከረመ ነገር እንዴት እንደሚጣበቅ አይቻለሁና ስምሽንም እንዲሁ ሳላነሣ፣ ሳልነካው፣ በጎርፍ መካከል አላቆመውም።

የቀኙ ጎማ ገና ነው። እርሱም በጥቂቱ ማልቀስ ጀምሯል፤ ዮሐንስ ሌላ ሲል ልኳል፤ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ጥዋት ሞዞውን ከትክክለኛው ጠርሙስ አጠጥቼዋለሁ። ጠበሉን ቤተ መቅደስ መልሼዋለሁ። አሁን ከበሩ ውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል፤ ኡጁሉ ፑለሩን ይዞ መጥቷል፤ ግንባሩንም እንደ ልማዱ መቶታል፤ ሰማሁት።

መቋሚያዬን ላንሣ። ለነገው ማኅሌት እጄን የማሽበትን ሎሚ አስቀድሜ ቀጥፌያለሁ።

ባልሽ፣ መሪጌታ
ጋምቤላ፣ ከማንጎው ሥር